የፊት እግር ኳኳታ፦ ስታቢላይዘር ሊንክን በግቢ ውስጥ መቀየር

በጅማ ከተማ አወቱ መንደራ ውስጥ የሚኖር ባለመኪና ጠዋት ከግቢው ወጥቶ የሰፈሩን ኮብልስቶን ሲጀምር ከፊት ጎማ በኩል «ኳ ኳ ኳ» የሚል ደረቅ ድምፅ ከሰማ፣ ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ «በቃ፣ እግሩ አልቋል» የሚል ነው። ጋራዥ ሲደርስም ብዙ ጊዜ የሚነገረው ይኸው ነው። ሾክ አብዞርበሩ ይቀየራል፣ ቦል ጆይንቱ ይቀየራል፣ ቴስቲናው ይቀየራል፤ ድምፁ ግን ንቅንቅ አይልም። ይህ የሚሆነው ከሁሉም ርካሹና ለመቀየር ቀላሉ ዕቃ ሳይታይ ስለሚታለፍ ነው። ስሙ ስታቢላይዘር ሊንክ ይባላል።

ሊንክ ርዝመቱ አንድ ክንድ የማይሞላ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ በግራሶ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ፣ በላስቲክ የተሸፈኑ ትንንሽ ኳሶች አሉት። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ላይ አንዱ ጫፍ ከሾክ አብዞርበሩ ጋር ይታሰራል፤ ሌላው ጫፍ በመኪናው ሆድ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ ከሚሻገረው የስታቢላይዘር ብረት ጋር። መኪናው ኩርባ ላይ ሲያዘነብል ይህ ብረት ይጠመዘዝና አካሉን መልሶ ያቃናዋል፤ ኃይሉን ከጎማ ወደ ብረቱ የሚያደርሰው ደግሞ ሊንኩ ነው። ከወልቂጤ ወጥቶ ወደ ጊቤ ሸለቆ የወረደ፣ ከዚያም በሶኮሩ በኩል ወደ ጅማ የወጣ ሹፌር ጥቅሙን በደንብ ያውቀዋል። ሊንኩ የተበጠሰ መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ደህና ይሄዳል፤ ጠመዝማዛው ላይ ግን አካሉ ወደ ጎን ይተኛል፣ ሹፌሩም ፍጥነቱን ለመቀነስ ይገደዳል።

ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች ለዚህ ዕቃ ጨካኝ አገር ናቸው። ክረምቱ ረጅም ነው፣ ዝናቡ ብዙ ነው፣ ቀዩ አፈር ሲረጥብ ከብረት ጋር ይጣበቃል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት ደግሞ ከአጋሮ፣ ከየቡ፣ ከሰቃና ከሊሙ ገነት ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚያስገቡት የገጠር መንገዶች በመኪና ይጨናነቃሉ። ክረምቱ የቦረቦረው መንገድ አንዱን ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲከት ሌላውን ጉብታ ላይ ያወጣዋል፤ ሊንክን የሚገድለው ይህ ነው። የኳሱ ላስቲክ አንድ ቀን ይሰነጠቃል፣ ጭቃ ውኃ ይገባል፣ ግራሶው ታጥቦ ይወጣል፣ ኳሱ ይዝጋል፣ ከዚያ መንኳኳት ይጀምራል።

የመኪኖቹ ዕድሜም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ በእጅ ያለ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለበት፤ ባለቤቱም እግሩን ማወቅ አለበት።

መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ይረጋገጥ። አንድ ቀላል ፈተና አለ። በዝግታ እየነዱ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታን መጀመሪያ ቀጥ ብለው፣ ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል እንዲወጡ አድርገው ይለፉት። ቀጥሎ መኪናውን ሰያፍ አድርገው አንዱ ጎማ ቀድሞ እንዲወጣ ያድርጉ። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሱ የስታቢላይዘሩ ብረት ስለማይጠመዘዝ ሊንኩ ላይ የሚመጣው ኃይል ትንሽ ነው። እኩል ሲወጡ ጸጥ ያለ፣ አንድ ጎማ ብቻ ሲወጣ ግን የሚንኳኳ መኪና ሊንኩን ወይም የስታቢላይዘሩን ጎሚኒ እየጠቆመ ነው። ሁለቱም ጊዜ በወፍራሙ የሚመታ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሾክ አብዞርበሩና ወደ ላይኛው መቀመጫው ይዞራል።

ሁለተኛው ፈተና በእጅ ነው። መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ እንደቆመ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሪውን ወደ አንድ ጎን ጥግ ድረስ ይጠምዝዙ፤ ከጎማው ኋላ እጅ የሚያስገባ ቦታ ይከፈታል። ሊንኩን ጨብጠው ወደ ላይና ወደ ታች በኃይል ይነቅንቁት። ደህናው አይላወስም፤ ያለቀው ጠቅ ጠቅ ይላል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ምርመራ አንዱን ጎማ በክሪክ አንስቶ ሲያደርግ ነው፤ ያን ጊዜ ብረቱ ተጠምዝዞ ሊንኩን ስለሚወጥረው ያለቀውም ዕቃ ጠንካራ መስሎ ይታያል።

እግረ መንገድዎን ሌሎቹንም ይፈትሹ፤ ይህኛው ፈተና ግን ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ነው። ጎማውን በግራና በቀኝ ይዘው ሲገፉ ከተላወሰ ቴስቲናው ነው። ከላይና ከታች ይዘው ሲገፉ ከተላወሰ ቦል ጆይንቱ ወይም የጎማው ኩሽኔታ ነው። በዚህ ምርመራ ቦል ጆይንት ላልቶ ከተገኘ ሥራው ከግቢ ወጥቶ ወደ ጋራዥ ይሂድ። ሊንክ ቢበጠስ መኪናው ይንኳኳል፤ ቦል ጆይንት ቢወልቅ ግን ጎማው ይታጠፋል፣ መኪናውም መሪ ያጣል።

ዕቃ ግዢው የራሱ ጥንቃቄ አለው። ሱቅ ሲገባ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሻንሲ ቁጥር ይዘሃል?» ብሎ ነው፤ ትክክል ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ኮሮላዎች የተለያየ ርዝመት ያለው ሊንክ ሊኖራቸው ይችላል፤ በአንዳንድ መኪኖች ላይ የግራውና የቀኙም ይለያያል። ጅማ ካልተገኘ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያለ ወዳጅ በሻንሲ ቁጥሩ ፈልጎ በአውቶቡስ ይልካል። ጥንድ ይግዙ፤ ግራው ካለቀ ቀኙም ያንኑ መንገድ ነው የሄደው።

አዲሱን ዕቃ ሱቁ ውስጥ እያሉ በእጅ ይፈትኑት። የኳሱን ጥርስ በጣት ይዘው ሲያዞሩት ጠንከር ብሎ፣ ያለ ክፍተት መዞር አለበት። ከመጀመሪያው ላላ የሚል፣ ላስቲኩ የደረቀ ወይም ቀለበቱ የተንሸዋረረ ዕቃ የትም አይደርስም። በአገራችን ገበያ የታወቀው የጃፓኑ 555 የተባለው ምርት ብዙ ጊዜ ተመሳስሎ የሚሠራ ዕቃ ስለሆነ ካርቶኑን ብቻ አይመኑ፤ በብረቱ ላይ ያለውን ጽሑፍና የጥርሱን ጥራት ይመልከቱ። አዲስ ዳዶ አብሮ መኖሩንም ያረጋግጡ፤ እነዚህ ዳዶዎች ራሳቸውን የሚቆልፉ ስለሆኑ አሮጌውን መልሶ ማሰር አይመከርም።

ከዚህ በኋላ ያለው ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የተመረተውን ዘጠነኛውን ትውልድ ኮሮላ የተከተለ ነው። በሌሎች መኪኖች ላይ ቁጥሮቹ ይለያያሉ፤ አካሄዱ ግን ይቀራረባል። የሚያስፈልገው የ17 ቀለበት ቁልፍ፣ ባለ 6 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ፣ ለጎማ የ21 ቡሶላ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ፣ ክሪክ፣ ጋራዦች ስታንድ የሚሏቸው ሁለት የብረት መደገፊያዎች፣ ሁለት የጎማ መወተፊያ ግንድ ወይም ድንጋይና፣ ምናልባት ዳዶው እንቢ ካለ፣ ሴጌቶ ነው። ቶርክ ሬንች ቢገኝ በጣም ጥሩ ነው።

ሥራው በዋዜማው ማታ ይጀመራል። የአራቱን ዳዶዎች ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ስፕሬዩን ይንፉበት፤ ሌሊቱን ይሥራ። ጠዋት ላይ ሌላ ዙር ይጨምሩ። ይህን ያልዘለለ ሰው ነገ ከግማሽ ድካሙ ይድናል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። መኪና በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሥሩ መግባት ሰው ይገድላል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ክሪክ የተሠራው ጎማ ለመቀየር ብቻ ነው፤ ድንጋይ መደራረብ፣ ብሎኬት ማቆም፣ የተሰነጠቀ ጉማጅ እንጨት መደገፍ ስታንድን አይተኩም። ብሎኬት ሸክም ሲበዛበት ምልክት ሳይሰጥ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ሁለት ስታንድ መዋስ ወይም መግዛት የማይቻል ከሆነ ሥራው በዚያ ቀን አይሠራ፤ እዚህ ላይ ምንም ድርድር የለም።

የጅማ ግቢ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አፈር ነው። ክረምት ላይ የክሪኩ እግር ቀስ በቀስ ይሰምጣል፣ ያጋድላል። ደረቅና ደልዳላ ቦታ ይምረጡ፤ ሲሚንቶ ከሌለ ከክሪኩና ከስታንዶቹ ሥር ወፍራም፣ ሰፊ ሳንቃ ያንጥፉ። ሰማዩ ከጠቆረ ይተዉት። ልጆች ከአካባቢው ይራቁ፤ አንድ ጎልማሳ ረዳት ግን በአጠገብ ይኑር።

የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፤ መኪናው ማንዋል ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፓርኪንግ ላይ ያስገቡ። የኋላ ጎማዎችን ከኋላ በኩል ይወትፉ። የፊት ጎማዎቹን ዳዶዎች መኪናው ገና መሬት ላይ እያለ ግማሽ ዙር ያላሉ። ከዚያ አንዱን ጎን በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በተመለከተው ቦታ አንሥተው ስታንድ ያስገቡ፤ ሌላውንም እንዲሁ። ሁለቱም የፊት ጎማዎች በአየር ላይ መሆናቸው ለምቾት ብቻ አይደለም። አንዱ ጎን ብቻ ከተነሣ የስታቢላይዘሩ ብረት ይወጠርና ሊንኩ ሲፈታ ይፈናጠራል፤ አዲሱንም ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት ትግል ይሆናል። መኪናው ስታንዶቹ ላይ ካረፈ በኋላ አካሉን በሁለት እጅ ይግፉት፤ ከተወዛወዘ አውርደው እንደገና ያስተካክሉ። ከዚያ ጎማዎቹን አውልቀው በመኪናው ጎን ሥር አጋድመው ያስገቧቸው፤ ስታንዱ ቢከዳ መኪናው እነሱ ላይ ያርፋል።

ጎማው ሲወልቅ ሊንኩ ፊት ለፊት ይታያል። ቀረብ ብለው ይመልከቱት። ከየቡ ወይም ከሊሙ መንገድ የተመለሰ መኪና ላይ የታችኛው ላስቲክ በዙሪያው እንደ ጥርስ ተሰንጥቆ፣ ከስንጥቁ ግራሶ ሳይሆን የዝገት ቀለም ያለው ጭቃ ወጥቶ የደረቀ ሆኖ ይገኛል። በጣት ሲነካ ፍርፍር ይላል። የጥርሱ ጫፍ መሐል ላይ ደግሞ የአለን ቁልፉ የሚገባበት ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ አለ፤ እሱም በዚያው ጭቃ ጢም ብሎ ተሞልቷል። ይህን ጭቃ በሚስማር ጫፍ እየጫሩ እስከ ታች ማውጣት የዚህ ሥራ ቁልፍ ነጥብ ነው። ጭቃው ላይ የተጫነ አለን ቁልፍ ግማሽ ድረስ ብቻ ይገባል፣ ጉድጓዱን ያከብባል፣ ከዚያ በኋላ ዳዶው ከኳሱ ጋር አብሮ መዞር እንጂ መፈታት የለም።

ጉድጓዱ ሲጸዳ አለን ቁልፉን በመዶሻ ቀስ አድርገው እስከ ታች ያስገቡ። በአንድ እጅ እሱን ይዘው፣ በሌላው ዳዶውን በ17 ቀለበት ቁልፍ ይፍቱ። ከላይኛው፣ ከሾክ አብዞርበሩ ጋር ከታሰረው መጀመር ይሻላል፤ ቦታው ሰፊ ነው። ዳዶው ትንሽ ተፈትቶ ከከበደ በግድ አይቀጥሉ፤ መልሰው ግማሽ ዙር አጥብቀው፣ ስፕሬይ ነፍተው፣ እንደገና ይፍቱ። ቁልፉ ላይ ሲጫኑ ኃይሉ ወደ ታች ወይም ወደ ራስዎ ይሁን፤ መኪናውን ከስታንዱ የሚገፋ አቅጣጫ አይምረጡ።

ጉድጓዱ ከተበላሸ ሁለት መንገድ ይቀራል። የመጀመሪያው ከላስቲኩ ኋላ ያለውን የኳሱን አንገት በሚቆልፍ ፒንሳ ጨብጦ ዳዶውን ማዞር ነው፤ ሊንኩ የሚጣል ስለሆነ ላስቲኩ ቢቀደድም ግድ የለም። ሁለተኛው መቁረጥ ነው። ሴጌቶውን በኳሱና ሊንኩን በያዘው ብረት መካከል አስገብተው ጥርሱን ይቁረጡት። ጊዜ ይወስዳል፤ ሆኖም በቤቱ የሚሠራ ሰው ግራይንደር ከሚያነሣ ሴጌቶ ይሻለዋል፤ ምክንያቱም በቅርብ ርቀት የፍሬን ዘይት የሚሄድበት ጎማ ቱቦ አለ፣ ኤቢኤስ ያለው መኪና ላይ ደግሞ የሽቦ መስመር አለ። የግራይንደር ብልጭታ ቱቦውን ቢነካው ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ይግባ። በኮፈኑ ሥር፣ በሾክ አብዞርበሩ አናት መሐል ላይ ያለው ትልቅ ዳዶ አይነካ። እሱ የታመቀውን ሞላ ይዞ የቆመ ነው፤ መጨበጫ መሣሪያ በሌለበት ሲፈታ ሞላው የሚወጣበት ኃይል አጥንት ይሰብራል። ለሊንክ ሥራ እሱን መፍታት ምንም አያስፈልግም።

አሮጌው ሲወጣ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ርዝመቱን፣ የጥርሶቹን አቅጣጫና ውፍረቱን ያመሳክሩ። የሚታሰርበትን ቀዳዳ ዙሪያ በብሩሽ ያጽዱ። አዲሱን ያስገቡና ሁለቱንም ዳዶዎች በጣት ብቻ ያስጀምሩ፤ በጣት ያልጀመረ ዳዶ ጥርሱን ስቷል ማለት ነው። የታችኛው ቀዳዳ ትንሽ ከራቀ ክሪኩን ከታችኛው ብራቾ ሥር አድርገው ቀስ ብለው ይገፉታል፤ የመኪናው ክብደት ግን ስታንዱ ላይ እንዳለ ይቆይ። መዶሻ አያስፈልግም፤ ላስቲኩንም አይጠምዝዙት።

ለዚህ ኮሮላ የሊንኩ ዳዶ ማጥበቂያ 74 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ሬንች የሌለው ሰው ሒሳቡን በኪሎ ይያዘው፤ በ30 ሴንቲሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ የ25 ኪሎ ያህል፣ ማለትም የኩንታል ሩብ የሚሆን ግፊት ነው። በቱቦ አራዝሞ መዝለል ጥርሱን ይበጥሳል፤ በእጅ አንጓ ብቻ ማጥበቅ ደግሞ ድምፁን በሳምንቱ ይመልሰዋል። ሌላውን ጎን በዚሁ መንገድ ይሥሩ።

ጎማዎቹ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ዳዶዎቹ በተርታ አይጥበቁ፤ ከአንዱ ወደ ማዶው እየተሻገሩ ይጥበቁ። መኪናው ከወረደ በኋላ የመጨረሻው ማጥበቂያ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በዚያው 30 ሴንቲሜትር ቁልፍ የ35 ኪሎ ያህል ግፊት ማለት ነው። ከሥሩ መሣሪያ አለመቅረቱን አይተው፣ የመጀመሪያውን ጉዞ በሰፈር ውስጥ በዝግታ ያድርጉት። ከጅማ አጋሮ ደርሶ የሚመለስ ርቀት ከተነዳ በኋላ የጎማዎቹም የሊንኮቹም ዳዶዎች እንደገና ይፈተሹ። ሊንክ የጎማውን አቅጣጫ ስለማይወስን ከዚህ ሥራ በኋላ አላይመንት አያስፈልግም። ቴስቲና ወይም ብራቾ ከተቀየረ ግን ግዴታ ነው፤ አለዚያ ጎማው በአንድ ጎን ይበላል።

በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች ላይ ሊንኩ ኳስ የለውም፤ ረጅም ቡሎን በጎሚኒና በሮንዴላ ተደራርቦ ነው የሚሠራው። እዚያ የጎሚኒዎቹንና የሮንዴላዎቹን ቅደም ተከተል ከመፍታትዎ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ ሲያስሩም ጎሚኒው ሳይጨፈለቅ መቆም ያስፈልጋል። የመጨረሻው ማጥበቂያም መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ይሁን። አሁን እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ይኸው ሊንክ አላቸው፤ ባትሪያቸው ከባድ ስለሆነ የሚነሡበት ቦታ በመጽሐፋቸው ከተመለከተው ውጪ ሊሆን አይገባም፤ ክሪክ የባትሪውን ሳጥን ከነካ ጥገናው ከሊንክ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሁለቱም ሊንኮች ተቀይረው ኳኳታው ከቀነሰ ግን ካልጠፋ፣ ቀጥሎ የሚታየው የስታቢላይዘሩን ብረት ከሻንሲው ጋር የያዙት ሁለት ጎሚኒዎች ናቸው። ብረቱን በእጅ ይዘው ሲነቀንቁት ጎሚኒው ውስጥ የሚጫወት ከሆነ ሰፍቷል፤ ዋጋው ከሊንኩም ያነሰ ነው። በአንዳንድ መኪኖች ላይ በሁለት ቡሎን የተያዘ ስለሆነ በግቢ ይሠራል፤ በሌሎች ላይ ግን የመሪው ሳጥን ወይም ተሸካሚው ብረት ዝቅ ማለት ስላለበት ለጋራዥ ይተው። መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር ብቻ ከላይ ኮፈኑ አካባቢ የሚያንቋቋ ድምፅ ከሆነ ደግሞ የሾክ አብዞርበሩ የላይኛው መቀመጫ ነው፤ እዚያ ሞላ የሚጨብጥ መሣሪያና የሚያውቅበት መካኒክ ያስፈልጋል።